29 ዓመት የፈጀ ፊልም



አንድ ፊልም ተሠርቶ በአዳራሽ ሲታይ ተመልካቹ የሚያየው ሁለት ሰዓት ያህል የሚቆየውን ሥዕል ብቻ ነው። መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው ሲገለጥ፥ ያ ሥዕል ከየት እንደ መጣ፥ ስንት ፊርማ እንደ ተፈረመበት፥ ስንት ሰው ቃሉን ሰጥቶ ቃሉን እንዳጠፈበት የሚጠይቅ የለም። መጠየቅም የተመልካች ግዴታ አይደለም፤ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሏልና። እኛ ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች፥ የአንድ ሥራ አሳብ ከተፀነሰበት ቀን አንሥቶ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ በመካከሉ ያለው መንገድ ምን ያህል ረዥም እንደ ሆነ ከሌላው ይልቅ እናውቀዋለን። ስለዚህ ዛሬ የአንድን ፊልም መንገድ ብነግራችሁ ነገሩ እንግዳ እንደማይሆንባችሁ አምናለሁ።

ፊልሙ «ዶን ኪኾቴን የገደለው ሰው» ይባላል። አሳቡ የተጀመረው በ1989 ሲሆን ለሕዝብ የታየው በ2018 ነው። (በዚህ ንግግር ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእነዚህ 29 ዓመታት ውስጥ ዋናውን ሽማግሌ ሆነው እንዲጫወቱ በየጊዜው ስማቸው በይፋ የተነገረው አክተሮች አምስት ናቸው፤ ከእርሱ ጋራ የሚጫወተውን ጎልማሳ እንዲሆኑ የተመረጡት ደግሞ አራት ናቸው። ከአምስቱ ሽማግሎች ሁለቱ የፊልሙን ፍጻሜ ሳያዩ በሞት ተለይተዋል።

ስለ ዶን ኪኾቴ ከዚህ ቀደም ያልሰማ ይኖር እንደ ሆነ በአጭሩ ልናገር። ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ የተባለው የእስፓኝ ደራሲ መጽሐፉን በሁለት ክፍል፥ የመጀመሪያውን በ1605፥ ሁለተኛውን በ1615 አሳተመ። ባለ ታሪኩ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፥ ሰውነቱ የከሳ፥ በገጠር የሚኖር አንድ ባላባት ነው። የጥንት ፈረሰኞችን ገድል የሚተርኩ መጻሕፍት ሲያነብ ሲያነብ አእምሮው ተናወጠና፥ የአያቶቹን የዛገ ጥሩር ለብሶ፥ ሮሲናንቴ በሚባል ከሲታ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፥ ሳንቾ ፓንሳ የተባለውን ጎረቤቱን ገበሬ አሽከር አድርጎ፥ የተበደለውን ሊክስ አገር ላገር ይዞር ጀመር። የነፋስ ወፍጮዎች ግዙፋን ረዓይት መስለውት በጦር የገጠማቸው ይኸው ሰው ነው።

ይህ ታሪክ ለንባብ የጣመውን ያህል ለፊልም አስቸጋሪ ነው። ዋናውን ሰው የሚጫወተው አክተር በእርግጥ በዕድሜ የገፋ፥ ቁመተ ረዥምና ከሲታ፥ ከዚህም ሁሉ ጋራ ብረት ለብሶ በጠራራ ፀሐይ ለብዙ ሳምንታት ከፈረስ ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለበት። ሽምግልናና ብርታት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ማየት እንግዲህ በስንት አንዴ ነው? ቢገናኙም እንኳ ለፊልሙ ዋስ የሚሆነው የኢንሹራንስ ኩባንያ አክተሩን በሐኪም አስመርምሮ «ይህ ሰው ሥራውን ይፈጽማል» ካልተባለ በስተቀር አይፈርምም።

የፊልሙ ዲሬክተር ቴሪ ጊሊያም በ1940 በአሜሪካ በሚኒሶታ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የኖረ፥ ሞንቲ ፓይተን ከሚባለው የቀልደኞች ጓድ አንዱ የነበረ ሰው ነው። በ1985 የታየው «ብራዚል» የተባለው ፊልሙ ስሙን አስጠራለት፤ ስለ ቢሮክራሲና ስለ ወረቀት ብዛት የሚናገር ስለ ሆነ ለእኛም ብዙ የሚለን ነገር አለ። በ1988 የወጣው ስለ ባሮን ሙንካውዘን የሠራው ፊልም ግን ከተመደበለት ገንዘብ እጅግ አልፎ ሄዶ ኪሳራ አስከተለ። ከዚያ በኋላ፥ ተገቢም ይሁን አይሁን፥ በገንዘብ ሰዎች ዘንድ «አባካኝ» የሚል ስም ወጣለት። ስም ደግሞ በዚያ ሙያ ውስጥ እንደ ባንክ ሒሳብ ይቈጠራል።

ጊሊያም ራሱ ደጋግሞ እንደ ተናገረው፥ በ1989 ጄክ ኤበርትስ ለተባለ የፊልም ነጋዴ ስልክ ደውሎ፥ ሁለት ስም አለኝ፥ አንዱ ኪኾቴ ሌላው ጊሊያም፥ ሃያ ሚሊዮን ዶላር እፈልጋለሁ አለው። ሰውየውም እሺ አለ። ጊሊያም መጽሐፉን በሚገባ ያነበበው ከዚህ በኋላ ነበርና፥ ሲጨርስ ይህን የሚያህል መጽሐፍ በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ማግባት እንደማይቻል ተረዳ። በጀት አስፈቅዶ ጥናቱን ኋላ የሚያካሂድ ሰው በፊልም ዓለም ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ስለ ገንዘቡ ነገር ጥቂት ላብራራ፤ ታሪኩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ላይ ነውና። ብዙ ሰው ፊልም የሚሠራው አንድ ባለጠጋ ከረጢቱን ፈትቶ ሲሰጥ ይመስለዋል። በኤውሮፓ የሚሆነው ግን እንዲህ አይደለም፤ ገንዘቡ ከብዙ ቦታ ይለቀማል። ፊልሙ ገና ሳይሠራ በየአገሩ የማሳየት መብቱ ለአከፋፋይ ኩባንያዎች አስቀድሞ ይሸጣል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ድርሻ ይገባሉ፤ መንግሥታትም ለአገራቸው ሲኒማ ማሳደጊያ ከመደቡት ገንዘብ ይረዳሉ። ባንክ ደግሞ እነዚህን ውሎች በመያዣነት ተቀብሎ ያበድራል። በመጨረሻ የኢንሹራንስ ኩባንያ መጥቶ ሥራው ቢሰናከል እኔ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ከእነዚህ አንዱ ከጐደለ የቀሩት አይንቀሳቀሱም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እውነት ነው። በፊልም ገንዘብ ነገር ግን ከሃምሳው አንዱ ሎሚውን አስቀምጦ የሄደ እንደ ሆነ የቀሩት አርባ ዘጠኙ «እርሱ ምን አይቶ ይሆን?» እያሉ ይሰጋሉ፥ እነርሱም በየተራ ያስቀምጣሉ፤ ማታ ላይ ሎሚው ሁሉ መሬት ላይ ተበትኖ ይገኛል።

የአክተሩ ነገር ከገንዘቡ ጋራ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። አከፋፋዩ መብቱን አስቀድሞ የሚገዛው የአክተሩን ስም አይቶ ነው፤ ያልተሠራ ፊልም ከስም በቀር ሌላ የሚያሳየው ነገር የለውምና። የታወቀ አክተር በበኩሉ ወራቱን ቈርጦ የሚሰጠው ገንዘቡ ባንክ መግባቱን ሲያረጋግጥ ነው፤ ሌላ ሥራ በደጁ ቆሞ ይጠብቀዋልና። እንግዲህ ገንዘቡ «መጀመሪያ አክተሩ ይፈርም» ይላል፤ አክተሩ «መጀመሪያ ገንዘቡ ይግባ» ይላል። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል «የዚያኛውን ፊርማ አስቀድመህ አምጣ» እየተባለ ሲመላለስ የዋለ ባለ ጉዳይ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በዚህ መካከል ጊዜው ይሄዳል፤ ጊዜው ሲሄድም ሽማግሌው አክተር ይበልጥ ይሸመግላል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ጊሊያም ከቶኒ ግሪሶኒ ጋራ ሆኖ አዲስ ድርሰት ጻፈ፤ በዘመናችን የሚኖር ቶቢ የሚባል የማስታወቂያ ሠራተኛ ወደ አሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ተመልሶ ዶን ኪኾቴ «ሳንቾ» እያለ የሚያስከትለው ታሪክ ነበር። በ2000 ከኤውሮፓ ብቻ የተሰበሰበ 32 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገኘ። ይህ ገንዘብ ለሆሊውድ መካከለኛ ቢሆን ለኤውሮፓ እጅግ ትልቅ ነበር፤ ለታሰበው ሥራ ግን ጠባብ ስለ ነበረ አንዲት ቀን ብትባክን የሚሞላት ትርፍ አልነበረም። ቶቢን እንዲጫወት ጆኒ ዴፕ ተመረጠ። ለዶን ኪኾቴ የተመረጠው ፈረንሳዊው ዣን ሮሽፎር ነበር።

ሮሽፎርን ሥዕሉን ያየ ሰው ሰርቫንቴስ እርሱን አይቶ የጻፈ ይመስለዋል። ሰባ ዓመቱ ነበር፤ ረዥምና ቀጭን ነበር፤ ከዚህም በላይ ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ሲወድና ሲጋልብ የኖረ፥ ፈረስም የሚያረባ ሰው ነበር። ለዚህ ሥራ ሲል ሰባት ወር እንግሊዝኛ ተማረ። ሰባ ዓመት የሞላው የታወቀ ሰው፥ በአገሩ የሚከበር፥ እንደ ተማሪ ደብተር ይዞ ሰባት ወር መቀመጡን ሳስብ ከፊልሙ ታሪክ ሁሉ ይልቅ ይህ ልቤን ይነካዋል።

ሥራው በመስከረም 2000 መጨረሻ በሰሜን እስፓኝ በናቫራ ግዛት፥ ባርዴናስ ሬያሌስ በተባለ ደረቅ ምድር ተጀመረ። ቦታው ለዓይን የሚያምር ቢሆንም በአጠገቡ የጦር አውሮፕላኖች የቦምብ መለማመጃ ነበረ። በመጀመሪያው ቀን አውሮፕላኖቹ በላይ በላያቸው እየበረሩ የአክተሮቹን ድምፅ ዋጡት። ሰንሰለት ታስረው የሚሄዱትን እስረኞች እንዲጫወቱ የመጡት ሰዎችም ልምምድ አልተሰጣቸውም ነበር። በሁለተኛው ቀን ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ የተቀላቀለበት ዶፍ ወረደ፤ ጎርፉም ዕቃውን እየገፋ ወሰደ። ዝናቡ ካባራ በኋላ የምድሩ መልክ ተለውጦ ተገኘ፤ ትናንት ነጣ ብሎ የታየው አፈር ዛሬ ጠቁሯል። ትናንት የተነሣው ፊልም ከዛሬው ጋራ አይገጥምም ማለት ነው። በማድሪድ ለድምፅ ሥራ ተብሎ የተያዘው መጋዘንም ድምፅ የሚያስተጋባ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሁሉ በትዕግሥት ሊታለፍ ይችል ነበር። ያልታለፈው የሮሽፎር ሕመም ነው። ያ ዕድሜውን ሙሉ ጋላቢ የነበረው ሰው በፈረሱ ላይ ሲቀመጥ ከሥቃይ የተነሣ ፊቱ ይለወጥ ጀመር፤ ከፈረሱም ሰዎች ደግፈው ያወርዱት ነበር። ወደ ፓሪስ ሄዶ ሲመረመር የጀርባው አጥንት ዲስክ በሁለት ቦታ መንሸራተቱ ታወቀ። ይመለሳል እየተባለ ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ከዚህ በኋላ ፈረስ ላይ ሊቀመጥ እንደማይችል ተነገረ። ሰባት ቀን እንኳ በደንብ ያልተሠራበት ፊልም በኅዳር 2000 ተዘጋ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። አንደኛው፥ በዚያን ቀን ወደ ቤታቸው የተሰናበቱት ዴፕና ጊሊያም ብቻ አለመሆናቸው ነው። አናጢው፥ ልብስ ሰፊዋ፥ ፈረስ ጠባቂው፥ የመብራት ሠራተኛው፥ ለብዙ ወራት እንጀራችን ነው ያሉትን ሥራ በአንድ ቀን አጡ። በጋዜጣ የሚጻፈው የታላላቆቹ ኀዘን ነው፤ በደመወዝ መዝገብ ላይ የሚታየው ግን የእነዚህ ነው።

ሁለተኛው የድርሰቱ ዕጣ ነው። ለካሳ የተጠየቀው ገንዘብ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር፤ በኤውሮፓ ፊልም ታሪክ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን የሚያህል ካሳ አልተጠየቀም ተባለ። ኢንሹራንሱ ሲከፍል በውሉ መሠረት የፊልሙ ድርሰት መብት ወደ ኢንሹራንሱ እጅ ገባ። ስለዚህ ጊሊያም ገና ሥራውን እንደገና ልጀምር ባለ ጊዜ የገዛ እጁ የጻፈውን ድርሰት መልሶ መግዛት ወይም በሕግ መልሶ ማግኘት ነበረበት፤ ለዚህም ብዙ ዓመታት አለፉ። በዚህ ነገር ኢንሹራንሱን የሚወቅሱ ሰዎች አሉ። እኔ ግን አልወቅሰውም፤ ገንዘቡን ከፍሎ በእጁ የቀረውን ዕቃ ያዘ እንጂ የሰው ንብረት አልቀማም። ይልቅስ ውል ሲፈረም የመጨረሻውን ገጽ የሚያነብ ሰው ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ያሳየናል።

ከዚያ ከከሸፈው ሥራ አንድ ፍሬ ብቻ ተገኘ። የሥራውን ሁኔታ ለማስታወሻ ሊያነሡ የመጡት ኪት ፉልተንና ሉዊስ ፔፔ የተባሉ ሁለት ሰዎች ውድቀቱን ሁሉ በካሜራቸው ይዘውት ነበርና፥ በ2002 «በላ ማንቻ የጠፋው» የተባለ ዶኩመንታሪ አወጡ። ዋናው ፊልም ሳይወለድ የሕመሙ ታሪክ በዓለም ዞሮ ታየ። ፊልሙ ለዘለዓለም ተቀብሯል ብሎ ያልተናገረ አልነበረም።

ሰዎች እንዲህ የተናገሩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከጊሊያም አስቀድሞ በዚሁ መጽሐፍ ላይ የወደቀ ሌላ ታላቅ ሰው ነበርና። ኦርሰን ዌልስ በ1955 በፓሪስ ለሙከራ ጀምሮ፥ በ1957 በሜክሲኮ ፍራንሲስኮ ሬይጌራን ዶን ኪኾቴ፥ አኪም ታሚሮፍን ሳንቾ አድርጎ ማንሣት ያዘ። የዌልስ አካሄድ ከጊሊያም የተለየ ነው። አበዳሪም አከፋፋይም አልፈለገም፤ በሌሎች ሰዎች ፊልም ውስጥ አክተር ሆኖ ያገኘውን ደመወዝ ይዞ መጥቶ ጥቂት ቀን ያነሣል፥ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ሊሠራ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ማንም አያዝዘውም፤ ቀነ ገደብም አልነበረበትም። ነገር ግን አክተሮቹ የሰው ልጆች ናቸው። ፓቲ ማኮርማክ የተባለችው ትንሽ ልጅ፥ ታሪኩ የሚነገርላት ሆና የተነሣችው፥ ሥራው ሲጓተት አድጋ ቁመቷ ተለወጠና ክፍሏ ሊቀጥል አልቻለም። ሬይጌራ ጤናው እየደከመ ስለ ሄደ ቶሎ እንዲጨርሱለት ጠየቀ፤ በ1969 ዐረፈ። ታሚሮፍም በ1972 ተከተለው። ሰዎች ዌልስን ባገኙት ቍጥር ስለዚሁ ስለሚጠይቁት፥ የፊልሙን ስም «ዶን ኪኾቴን መቼ ነው የምትጨርሰው?» ብዬ እለውጠዋለሁ እያለ ይቀልድ ነበር። በ1985 ሳይጨርሰው ሞተ። በ1992 ሌሎች ሰዎች ቁርጥራጩን ሰብስበው አሳዩት፤ የዌልስ ሥራ ነው ለማለት ግን ብዙዎች ይከብዳቸዋል።

እንግዲህ የሌላ ሰው ገንዘብ ከሆነ ባለ ገንዘቡ ያዝዛል፤ የራስ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ዕድሜ ያልቃል። በዚህ ረገድ የአገራችንን ሰው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ሥራ መጥቀስ ተገቢ ነው። በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን ሲጨርሱ የአሜሪካ አከፋፋዮች ስላልተቀበሉት ከባለቤታቸው ጋራ ሆነው አዳራሽ እየተከራዩ በየከተማው ራሳቸው አሳዩት። «ጤዛ» የተባለው ደግሞ ከአሳቡ እስከ ፍጻሜው 14 ዓመት ፈጅቶ በ2008 ሲወጣ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የድርሰትን ሽልማት አገኘ፤ በ2009 በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ተቀበለ። አከፋፋይ እምቢ ባለ ጊዜ ተመልካቹን በቀጥታ መፈለግ፥ በዚያ ላይ የሠሩትን መብት በእጅ ማቆየት፥ አድካሚ ቢሆንም የሰውን ድርሰት ከሰው እጅ ከመለመን ያድናል። ይህ የእኔ አሳብ ነው፤ የጊሊያም ፊልም በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር ማለቴ ግን አይደለም፥ ወጪው እጅግ የተለየ ነበርና።

ጊሊያም ድርሰቱን መልሶ ካገኘ በኋላ ሥራውን እንደገና ለመጀመር ሲዘጋጅ ዴፕ ሌላ ሥራ በዝቶበት ቀኑ አልገጥም አለ። ደግሞም በጥር 2008 በሌላ ፊልሙ ላይ መከራ ደረሰበት፤ «የዶክተር ፓርናሰስ ምናብ» የተባለውን ሲሠራ ዋናው አክተር ሂት ሌጀር በ28 ዓመቱ በድንገት ሞተ። ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ሥራው ይዘጋ አሉ። ጊሊያም ግን ታሪኩን ጥቂት ለውጦ፥ ሰውየው በመስተዋት ውስጥ ባለፈ ቍጥር መልኩ እንዲቀያየር አደረገና፥ የቀረውን ክፍል ዴፕ፥ ጁድ ሎውና ኮሊን ፋረል ተካፍለው ተጫወቱት። ሦስቱም ያገኙትን ደመወዝ ለሟቹ ሴት ልጅ ሰጡ። ፊልሙ በ2009 ታየ። ስለዚህ ሰውየውን አባካኝ ብቻ ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም፤ ሌላው የሚዘጋውን መዝገብ መክፈት የሚችልበት ብልሃት ነበረው።

በ2009 አሜሪካዊው ሮበርት ዱቫል ለዶን ኪኾቴ ተመረጠ፤ በማግሥቱ ዓመት ኢዋን መግሬገር ከእርሱ ጋራ እንደሚሠራ ተነገረ። በመስከረም 2010 ግን የገንዘቡ ስምምነት እንደ ፈረሰ ጊሊያም ራሱ አስታወቀ። እንደገና በ2014 እንግሊዛዊው ጆን ኸርትና ጃክ ኦኮኔል ተመረጡ። በሰኔ 2015 ኸርት የጣፊያ ካንሰር እንዳለበት ታወቀና ሥራው ቆመ፤ በጥር 2017 ዐረፈ። እነሆ በሁለተኛ ጊዜ ገንዘቡ ሊገኝ ሲል የአክተሩ ሥጋ ደከመ። በሁለቱ መካከል በነበረው በዱቫል ጊዜ ደግሞ አክተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ታመመ።

በ2016 የጊሊያም የድሮ ጓደኛ ማይክል ፔሊን ለዶን ኪኾቴ፥ አዳም ድራይቨር ለቶቢ ተመረጡ። የድራይቨር ስም እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነበር፤ በ2015 በወጣው «ስታር ዎርስ» ፊልም ውስጥ ስለ ተጫወተ አከፋፋዮች የሚያውቁት ፊት ነበርና። ፓውሎ ብራንኮ የተባለው የፖርቱጋል ፕሮዲውሰር 16 ሚሊዮን ኤውሮ ያህል እንደሚያቀርብ በካን ከተማ የፊልም በዓል ላይ ተነገረ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ግን ሁለቱ በበጀቱና በአሠራሩ ላይ ሊስማሙ አልቻሉም። ጊሊያም ገንዘቡ በጊዜው አልመጣም አለ፤ ብራንኮም ውሉ ጸንቶ ይኖራል፥ የፊልሙ መብት የእኔ ነው አለ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ሥራው ደግሞ ቆመ፤ ፔሊንም ቀረ።

ድራይቨር ግን አልሄደም። አንድ አክተር በገበያው ላይ በሚፈለግበት ሰዓት የተሰናከለን ሥራ ሲጠብቅ መቆየቱ የተለመደ አይደለም፤ የፊልሙ ዕድል የተለወጠው በዚህ ይመስለኛል። የእርሱን ስም ይዘው አዲስ ፕሮዲውሰሮች ከእስፓኝና ከሌሎች አገሮች ከ16 እስከ 17 ሚሊዮን ኤውሮ ሰበሰቡ፤ ይህም በ2000 ከነበረው በጀት ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ለሽማግሌው ደግሞ በ«ብራዚል» ውስጥ ዋናውን ሰው የተጫወተው ጆናታን ፕራይስ ተጠራ። ፕራይስ በ1985 ወጣቱን ጸሐፊ ሆኖ ሲጫወት ለዶን ኪኾቴ ማንም አያስበውም ነበር። ፊልሙ ሲዘገይ ሲዘገይ እርሱ ለቦታው አረጀለት። መዘግየት ብዙ ነገር አበላሸ፤ ይህን አንዱን ግን አበሰለ።

ድርሰቱም በመዘግየቱ ተለውጧል። ወደ ጥንት ዘመን የመመለሱ ነገር ቀርቶ፥ ቶቢ አሁን የማስታወቂያ ፊልም ዲሬክተር ሆነ። ይህ ሰው ተማሪ ሳለ በአንዲት የእስፓኝ መንደር ስለ ዶን ኪኾቴ ትንሽ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ወደዚያች መንደር ሲመለስ፥ ያን ጊዜ ዶን ኪኾቴ ሆኖ የተጫወተለት ጫማ ሰፊ አእምሮው ተናውጦ በእርግጥ ዶን ኪኾቴ ነኝ ብሎ ሲኖር ያገኘዋል። የመንደሩ ሰዎችም በዚያ ፊልም ምክንያት ኑሮአቸው ተናግቷል። ጊሊያም በ1989 ይህን ሊጽፍ አይችልም ነበር። ፊልም የሚያሳድዱ ሰዎች በሌላው ሰው ሕይወት ላይ ምን ጥለው እንደሚያልፉ ለማወቅ ራሱ ይህን ሁሉ ዓመት መንገላታት ነበረበት። በ2000 ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የምናየው ቀልድ የበዛበት የፈረሰኛ ታሪክ ይሆን ነበር።

ሥራው በመጋቢት 2017 ተጀምሮ በእስፓኝና በፖርቱጋል ሲካሄድ ቆይቶ በሰኔ ተፈጸመ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ሮሽፎር በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

የፍርድ ቤቱ ነገር ግን አላለቀም ነበር። ፊልሙ በግንቦት 2018 በካን በዓል መዝጊያ ላይ እንዲታይ ሲመረጥ ብራንኮ እንዲታገድ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ጊሊያም ቀላል የአንጎል ደም መታወክ ደርሶበት ሐኪም ቤት ገባ፤ በአሜሪካ ሊያከፋፍል የነበረው አማዞን ኩባንያም ራሱን አገለለ። በግንቦት 9 ቀን የፓሪስ ፍርድ ቤት ፊልሙ ሊታይ ይችላል ብሎ ፈረደ፤ ክርክሩ ገና ያላለቀ መሆኑ ግን ከፊልሙ አስቀድሞ ለተመልካች እንዲገለጽ አዘዘ። ዲሬክተሩም 77 ዓመቱ ሆኖ፥ ከሕመሙ ተነሥቶ፥ በግንቦት 19 ቀን በካን አዳራሽ ተገኘ። ፊልሙ በዚያኑ ቀን በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። ወር ሳይሞላ በሰኔ 15 ቀን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለብራንኮ ፈርዶ ጊሊያም አሥር ሺህ ኤውሮ እንዲከፍል አዘዘ። በአሜሪካ የታየው በሚያዝያ 2019 ነው።

ፊልሙ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚጠይቀኝ አንባቢ ይኖራል። እንደ ፊልም ብቻ ሲመዘን ረዘም ያለ ነው፤ በመካከሉ የሚንገዋለልበት ቦታ አለ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የተጠራቀመ አሳብ ሁሉ አንድ ላይ ሊወጣ ሲታገል ይታያል። ተቺዎችም እንደየስሜታቸው ተከፋፍለውበታል። የፕራይስ አጨዋወት ግን በማንም ዘንድ አልተነቀፈም ለማለት እደፍራለሁ፤ ሞቱ ሲቀርብ ያ ጫማ ሰፊ ራሱን ለአፍታ ሲያውቅ የሚታየው ፊት ከአእምሮ አይጠፋም። ይህን ያህል ዓመት መክሰሩ ተገቢ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን እንደየወንበራችን የምንመልስ ይመስለኛል። የገንዘብ ሚኒስቴር ሰው ቢጠየቅ በ2000 መዝገቡ ይዘጋ ባለ ነበር፤ ቢልም አልፈርድበትም፥ የሰው ገንዘብ አደራ ነውና። እኔ በበኩሌ ሰባት ወር እንግሊዝኛ የተማረውን ሽማግሌ ሳስብ መዝገቡ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ደስ ይለኛል።

ፊልሙን የሚያይ ሰው ለሁለት አክተሮች መታሰቢያ የተደረገበትን ጽሑፍ ያገኛል። ዣን ሮሽፎርና ጆን ኸርት ይላል።